«ማስታወቂያ»፣ «ማሳወቂያ»ና «ማስጠንቀቂያ»፤ ጊዜ ያለፈባቸውን የበይነ መረብ መንገድ ምዝግቦች ከአገልግሎት ስለ ማውጣት

ለአንድ የሙያ ቃል አማርኛ አቻ ከመፈለግ አስቀድሞ ቃሉ የሚወክለውን ነገር ጠንቅቆ መረዳት እንደሚያስፈልግ፣ በቃላት ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ነገሩ ሳይገባ የሚሰጥ ስያሜ ውሎ አድሮ ባለሙያውንም አንባቢውንም ያሳስታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጠቃለሉትን፣ በአማርኛ ግን በሦስት ሊለዩ የሚገባቸውን ጽንሰ ሐሳቦች ነው። ጽንሰ ሐሳቦቹ የሚገናኙት በበይነ መረብ የመንገድ መዛግብት ጥበቃ ላይ ነው፤ ይኸውም ጊዜ ያለፈባቸው ምዝግቦች ከመዝገብ ከመውጣታቸው በፊት ለመረብ ኦፕሬተሮች ስለሚላከው መልእክት ነው። ልዩነቱን መጠበቅ የሰዋስው ቅንጦት አይደለም። አንድ የመረብ ሠራተኛ የደረሰው ወረቀት «ይህ ሆኗል» ይበል ወይም «ይህ ሊሆን ነው» ይበል መለየት ካልቻለ፣ የሚጠብቀው መረብ በማግስቱ ሊቋረጥ ይችላልና።

፩. የነገሩ ምንነት

በይነ መረብ፣ በተለምዶ ኢንተርኔት የሚባለው፣ አንድ መረብ አይደለም። በየራሳቸው ባለቤት የሚተዳደሩ ከ70,000 በላይ መረቦች ተያይዘው የፈጠሩት ነው። እነዚህን መረቦች «ራስ ገዝ መረብ» ብለን እንጠራቸዋለን፤ እያንዳንዱም መለያ ቍጥር አለው። ለምሳሌ የኢትዮ ቴሌኮም ቍጥር 24757 ነው። ራስ ገዝ መረብ ለጎረቤቶቹ «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» እያለ ያውጃል፤ ጎረቤቶቹም አዋጁን ለሌሎች ያስተላልፋሉ። የአዋጁ ሥርዐት ቢ.ጂ.ፒ. ይባላል፤ መጀመሪያ በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራበት አራተኛው ዕትም ነው።

ይህ ሥርዐት ሲነደፍ የጎረቤትን ቃል እንዳለ የሚቀበል ነበር። የዚህን ጉድለት ዓለም በግልጽ ያየው እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2008 ነው። የፓኪስታን ቴሌኮም በአገሩ ውስጥ ዩቲዩብን ለመዝጋት ሲል ባወጣው አዋጅ 208.65.153.0/24 የተባለውን የአድራሻ ምድብ የራሱ አስመሰለ፤ አዋጁም ከአገሩ ድንበር አልፎ ወጣ። ዩቲዩብ ያወጀው 208.65.152.0/22 የተባለውን ሰፋ ያለ ምድብ ነበር። ሥርዐቱ ምንጊዜም ጠበብ ያለውን ምድብ ስለሚያስቀድም፣ ከብዙ የዓለም ክፍል ወደ ዩቲዩብ የሚሄደው ጭነት ወደ ፓኪስታን ዞረ። ነገሩ እስኪስተካከል ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። አዋጁን ለዓለም ያስተላለፈው የበላይ መረብ ማጣሪያ ቢያደርግበት ኖሮ ጥፋቱ እዚያው በቀረ ነበር።

ማጣሪያ ግን ማመሳከሪያ ይፈልጋል። «ይህ መረብ ይህን ምድብ ሊያውጅ ይገባዋልን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መዝገብ ያስፈልጋል ማለት ነው። በአውሮጳ መቀመጫውን አምስተርዳም ያደረገው ራይፕ ኤን.ሲ.ሲ.፣ በአሜሪካም ሜሪት ኔትወርክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ራድቢ የተባለው መዝገብ ለዚህ ተግባር የቆሙ ናቸው። ምዝግቦቹ የሚጻፉበት ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1999 ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ያዘ። አንድ የመንገድ ምዝግብ በአጭሩ የሚከተሉት መሥመሮች አሉት፤ መንገዱ፣ ማለትም የአድራሻው ምድብ፤ መነሻው፣ ማለትም ምድቡን የሚያውጀው ራስ ገዝ መረብ ቍጥር፤ ምዝግቡን ሊለውጥ የሚችለው ጠባቂ፤ ለውጥ ሲደረግ መልእክት የሚላክበት አድራሻ፤ ምዝግቡ የሚገኝበት መዝገብ። ብዙ ኦፕሬተሮች መሣሪያዎቻቸው እነዚህን መዛግብት በየጊዜው፣ አንዳንዶቹም በየዕለቱ እየጠየቁ ማጣሪያቸውን በራሳቸው እንዲያድሱ አድርገዋል።

፪. ምዝግብ ጊዜ የሚያልፍበት ስለ ምንድን ነው?

ምዝግብ የሚጻፈው በግድ ነው፤ ካልተጻፈ ጭነቱ አያልፍምና። ሲያስፈልግ የተጻፈው ምዝግብ ሳያስፈልግ ሲቀር ግን እንዲፋቅ የሚያስገድድ ነገር የለም። ደንበኛው ወደ ሌላ አቅራቢ ይዛወራል፤ ኩባንያዎች ይዋሐዳሉ፤ የአድራሻው ምድብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ምዝግቡን የጻፈው ሠራተኛ ሥራ ይለቃል። አሮጌው ምዝግብ ማንንም በግልጽ ስለማይጎዳ ባለበት ይቀራል። ከዚህም በላይ አቅራቢው በደንበኛው ስም የሚጽፈው ምዝግብ ብዙ ስለ ሆነ፣ የአድራሻው ባለይዞታ ምዝግቡ መኖሩን እንኳ የማያውቅበት ጊዜ አለ።

በአፍሪካ ጉዳዩ የራሱ ታሪክ አለው። አፍሪኒክ የተባለው የአህጉሩ መዝጋቢ እ.ኤ.አ. በ2005 ዕውቅና ከማግኘቱ በፊት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ያሉት የአፍሪካ አገሮች አድራሻ የሚያገኙት ከራይፕ ኤን.ሲ.ሲ. ነበር። አፍሪኒክ የራሱን የመንገድ ምሪት መዝገብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በመካከሉ ብዙዎቹ የአፍሪካ መረቦች መንገዳቸውን ያስመዘገቡት በራይፕ መዝገብና በራድቢ ነበር። በራይፕ መዝገብ ደግሞ ከክልሉ ውጭ ለሆኑ አድራሻዎች የሚያገለግለው የይለፍ ቃል ለሁሉም የታወቀ ስለ ነበር፣ ማንም ሰው የማንንም ምድብ በፈለገው መነሻ ሊያስመዘግብ ይችል ነበር። ይህ ለቅን ተመዝጋቢ በጎ ነገር ነበር፤ ቅን ላልሆነውም እንዲሁ።

ጊዜ ያለፈበት ምዝግብ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ምዝግቡ በማጣሪያው በኩል ክፍት የተተወ በር ነው። አድራሻ መንጠቅ የሚፈልግ ሰው በአሮጌው ምዝግብ የተጻፈውን መነሻ ቍጥር መስሎ ቢያውጅ፣ ማጣሪያው መዝገቡን አይቶ ያሳልፈዋል። ስለዚህ መዝገብን ማጽዳት የጥበቃ ሥራ እንጂ የጽዳት ሥራ ብቻ አይደለም።

፫. ሳይነገር ቢሰረዝስ?

ይሁን እንጂ የሞተ የሚመስል ምዝግብ ሁሉ የሞተ አይደለም። አንድ መረብ ዋናው መሥመር ሲቆረጥ ብቻ የሚያውጀው የመጠባበቂያ መንገድ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ መንገድ ዓመቱን ሙሉ በአዋጅ ሳይታይ ይቆይና በአንድ ክፉ ሌሊት ይፈለጋል። ደግሞም መረብን በጭነት ለማጥለቅለቅ ጥቃት ሲሰነዘር፣ ጥቃቱን የሚያጣራ ድርጅት የተጠቂውን ምድብ በራሱ ቍጥር ያውጃል፤ ለዚህ የተጻፈው ምዝግብ በሰላሙ ጊዜ ሲታይ ከእውነታው ጋር የማይስማማ ይመስላል። እንዲህ ያለው ምዝግብ በድንገት ቢሰረዝ በዕለቱ ምንም አይሰማም። የሚሰማው መሥመሩ ሲቆረጥና የመጠባበቂያው አዋጅ በየማጣሪያው ሲታገድ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። በየዕለቱ የሚሠራበት ምዝግብ በስሕተት ቢወጣ ግን ማጣሪያዎች በታደሱ ቍጥር መንገዱ በየጎረቤቱ አንድ በአንድ ይዘጋል።

ስለዚህ ታላላቆቹ መዝጋቢዎች የመረጡት መንገድ ማጽዳትንም መንገርንም የሚያጣምር ነው። ራይፕ ኤን.ሲ.ሲ. እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 ከክልሉ ውጭ ያሉትን የመንገድ ምዝግቦች ባለሥልጣን ካልሆነ ምንጭ በሚል የተለየ ስም አስቀመጣቸውና አዲስ እንዳይጨመር ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው ደንብ ደግሞ፣ ከእነዚህ ምዝግቦች አንዱ ባለይዞታው በፊርማ ካጸናው የመነሻ ፈቃድ ጋር ሲጋጭ፣ በምዝግቡ ለተጻፉት ተጠሪዎች መልእክት ይላካል፤ ግጭቱ ለ7 ተከታታይ ቀናት ሳይወገድ ከቀረ ምዝግቡ ይሰረዛል። የሰሜን አሜሪካው አሪን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2020 ባለይዞታነት የሚረጋገጥበትን አዲስ መዝገብ ከከፈተ በኋላ፣ አሮጌውን ለብቻው ለይቶ አስቀምጦ፣ የሚዘጋበትን ቀን አስቀድሞ አስታውቆ፣ ቀኑንም አራዝሞ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ሙሉ በሙሉ ዘጋው።

ሁለቱ አሠራሮች በአንድ ነገር ይለያያሉ። የመጀመሪያው የሚናገረው ለአንድ ምዝግብ ባለቤት ስለ አንድ ምዝግብ ነው፤ የሁለተኛው ዋና መልእክት ደግሞ ለሁሉም ስለ መላው መዝገብ የሚነገር ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ስም ሊጠራቸው ይችላል። ወደ ቃላቱ የምንሻገረው ከዚህ ተነሥተን ነው።

፬. ስለ ስያሜዎቹ

ሀ/ ምዝግብ። «መዝገብ» የሚለው ስም በግእዝ «ዘገበ»፣ ማለትም አከማቸ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ፍቺው ሀብት የሚከማችበት ቤት ነው። «ዘገባ»ም የዚሁ ግሥ ዘመድ ነው። አማርኛ «መዘገበ» የሚለውን ግሥ ከስሙ መልሶ አወጣ። በመዝገብ ውስጥ ለሚገኘው ለአንዱ የጽሑፍ ክፍል ግን የተለየ ስም ስላልነበረ፣ «መዝገብ» ለሙሉውም ለክፍሉም ሲነገር ይሰማል። ከ«ዘረዘረ» «ዝርዝር» እንደ ወጣ፣ ከ«መዘገበ»ም «ምዝግብ» ይወጣል፤ ብዙ ቍጥሩ «ምዝግቦች» ነው። ልዩነቱ አስፈላጊ ነው፤ ምዝግብ ይሰረዛል፣ መዝገብ ይዘጋል።

ለ/ የመንገድ ምሪት። «ምሪት» ከ«መራ» የወጣ ነው። በከተማ ቦታ አሰጣጥ «ቦታ ተመራ» ሲባል ለሰው ይዞታ ተለይቶ መሰጠቱን ያመለክታል። በዚህ ፍቺው ከአድራሻ ድልድል ጋር እንዳይምታታ፣ «ምሪት» ብቻውን ሳይሆን «የመንገድ ምሪት» ተብሎ እንዲነገር እናሳስባለን። የአድራሻው ተጠቃሚ ግን «ባለቤት» ከሚባል «ባለይዞታ» ቢባል ይሻላል፤ ከመዝጋቢው ጋር በሚገባው ውል የሚያገኘው የመጠቀም መብት ነውና።

ሐ/ ጊዜ ያለፈበት። «አሮጌ» የሚለው ቃል ለዚህ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1996 ተጽፎ ዛሬም እውነት የሆነ ምዝግብ ሊኖር ይችላል፤ ባለፈው ወር ተጽፎ ዛሬ ከእውነታው የራቀም ይኖራል። ጉድለቱ ዕድሜው ሳይሆን ነገሩ ተለውጦ ጽሑፉ ባለበት መቅረቱ ነው። «ጊዜ ያለፈበት አሠራር» ስንል የምንፈልገው ይህንኑ ፍቺ ነው። በመድኃኒት ሣጥን ላይ እንደሚጻፈው፣ የተወሰነ ቀን ኖሮት ያ ቀን ላለቀበት ነገር ግን «ጊዜው ያበቃ» የሚለውን ለይተን እንይዛለን። በዚህ ሙያ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ የመንገድ ምዝግብ ማብቂያ ቀን የለውም፣ በፊርማ የጸና የመነሻ ፈቃድ ግን አለው።

መ/ ከአገልግሎት ማውጣት። «ሰረዘ» መሥመር አሳለፈበት ማለት ነው፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። «ፋቀ» ግን ጸሓፊው በብራና ላይ በቢላዋ እንደሚያደርገው፣ ፊደሉን ጨርሶ ማስወገድ ነው። በዘመናዊ መሣሪያዎች «መሰረዝ» የፋቀን ፍቺ ወርሶ ስለ ተለመደ ልንመልሰው አንሞክርም። ነገር ግን ምዝግብን መሰረዝ አንዲት ቅጽበት ናት፤ ምዝግብን መለየት፣ መናገር፣ መጠበቅ፣ በመጨረሻም መሰረዝ ደግሞ አንድ ሂደት ነው። ለሂደቱ «ከአገልግሎት ማውጣት» የሚለውን እናቀርባለን። «ጡረታ ማውጣት» የሚለውን ያልመረጥነው፣ ጡረታ ለአገልጋዩ የሚከፈል ዋጋ ያለበት ቃል ስለ ሆነ ነው።

ሠ/ ማስታወቂያ፣ ማሳወቂያ፣ ማስጠንቀቂያ። የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከ«ዐወቀ» የወጡ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው «ተጠነቀቀ» ከሚለው ወገን ነው። አጠቃቀማቸውን እንደሚከተለው ብንወስን ሙያው የሚፈልገውን ልዩነት እናገኛለን።

«ማስታወቂያ» በአደባባይ ለሁሉም የሚነገር ነው። አንድ መዝጋቢ «ይህ መዝገብ በዚህ ቀን ይዘጋል» ብሎ ሲያወጣ ያስታውቃል። ማስታወቂያን ማንበብ የአንባቢው ፈንታ ነው፤ ማን እንዳነበበው አይታወቅም።

«ማሳወቂያ» ለተወሰነ ሰው ስለ ተፈጸመ ነገር የሚላክ ነው። በምዝግቡ ላይ ለዚህ ተብሎ በተጻፈው አድራሻ፣ ምዝግቡ ሲለወጥ ወይም ሲሰረዝ መሣሪያው በራሱ የሚልከው መልእክት ማሳወቂያ ነው። ጥቅሙ ስሕተት ከተፈጸመ በኋላ ቶሎ ማረም እንዲቻል ነው፤ አስቀድሞ አይከላከልም።

«ማስጠንቀቂያ» ለሚነካው ሰው፣ ከመፈጸሙ በፊት፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን ተወስኖለት የሚደርስ ነው። በተራ ንግግር ማስፈራራት ያለበት ቢመስልም፣ በሕግ ቋንቋችን ይህ ፍቺው የጸና ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለዕዳውን ውሉን እንዲፈጽም የሚጠይቀውን ጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይለዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011ም የሥራ ውል ከመቋረጡ በፊት የሚሰጠውን ጊዜ «የማስጠንቀቂያ ጊዜ» ይለዋል፤ አገልግሎቱ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ሠራተኛ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ሦስት ወር ነው። ሕጉ የቆየን ነገር ለማንሣት ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚገባው ያምናል። ለቆየ ምዝግብም ይህ አስተሳሰብ ይስማማዋል፤ ብዙ የቆየ ምዝግብ ተጠሪውን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ይጠይቃልና።

ረ/ ኦፕሬተር። «አስተዳዳሪ» አንድን ሠራተኛ፣ «አንቀሳቃሽ» ደግሞ የመኪና ወይም የፋብሪካ መሣሪያ የሚያንቀሳቅሰውን ያስታውሳል። «ኦፕሬተር» በቴሌኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ዘንድ መረቡን የሚያካሂደውን ድርጅት ለማመልከት ሥር የሰደደ ስለ ሆነ እንዳለ ወስደነዋል።

፭. የማስጠንቀቂያ አጻጻፍ

ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ ሊባል የሚችለው ለተገቢው ሰው ሲደርስ ነው። በምዝግቡ የተጻፈው ጠባቂ ብዙ ጊዜ አቅራቢው እንጂ ባለይዞታው ስላልሆነ፣ መልእክቱ ለሦስት ወገን መላክ አለበት፤ ለምዝግቡ ጠባቂ፣ በአህጉሩ መዝጋቢ ዘንድ ለተጻፈው የአድራሻ ባለይዞታ፣ መነሻ ሆኖ ለተጻፈው ራስ ገዝ መረብ ኦፕሬተር። የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤው ተመላሽ ከሆነ በስልክ መፈለግ ይገባል፤ ተመልሶ የመጣ ደብዳቤ ዝምታ እንጂ ስምምነት አይደለምና። ቃላቱ በሥራ ላይ እንዲታዩ አንድ ምሳሌ እናቀርባለን። በውስጡ ያሉት ቍጥሮች ለምሳሌ ብቻ እንዲያገለግሉ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተተዉ ናቸው።

«ለአድራሻ ምድብ 192.0.2.0/24 ባለይዞታ፤ ለራስ ገዝ መረብ ቍጥር 64500 ኦፕሬተር፤ ለምዝግቡ ጠባቂ። ከላይ የተጠቀሰውን ምድብ ከተጠቀሰው መነሻ ጋር የሚያያይዘው የመንገድ ምዝግብ፣ ባለይዞታው ለሌላ መነሻ ከሰጠው ፈቃድ ጋር የሚጋጭ ሆኖ ስለ ተገኘ ጊዜ ያለፈበት ነው ብለን እንገምታለን። ምዝግቡ እስካሁን አልተሰረዘም። ይህ ማስጠንቀቂያ ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልደረሰን ከአገልግሎት እናወጣዋለን። ምዝግቡ ለመጠባበቂያ መንገድ ወይም ለጥቃት መከላከያ የሚያገለግል ከሆነ፣ እባክዎ ይህንኑ ገልጸው ይጻፉልን፤ ፈቃዱንም ያስተካክሉ። ከተሰረዘ በኋላ ስሕተት መሆኑ ቢታወቅ ምዝግቡን የምንመልስበት ቅጂ ተይዟል።»

አንባቢ እንደሚመለከተው፣ «እስካሁን አልተሰረዘም» የምትለው አጭር ዐረፍተ ነገር ከሁሉ የምትበልጠው ናት። ማስጠንቀቂያን ከማሳወቂያ የምትለየው እርሷ ናትና።

፮. የስያሜዎቹ ዝርዝር

ምዝግብ፤ በመዝገብ ውስጥ የሚገኝ አንድ ራሱን የቻለ ጽሑፍ።
የመንገድ ምሪት መዝገብ፤ የትኛው ራስ ገዝ መረብ የትኛውን የአድራሻ ምድብ ሊያውጅ እንደሚገባ የሚነገርበት መዝገብ።
ራስ ገዝ መረብ፤ በአንድ አካል የሚተዳደር፣ የራሱ ቍጥር ያለው መረብ።
የአድራሻ ምድብ፤ በአንድነት የሚታወጁ ተከታታይ አድራሻዎች።
ማወጅ፤ አንድ ምድብ በመረቡ በኩል እንደሚገኝ ለጎረቤት መረቦች መንገር።
የመነሻ ፈቃድ፤ ባለይዞታው ምድቡን የሚያውጀውን መረብ በፊርማ የሚያጸናበት ጽሑፍ።
ጊዜ ያለፈበት፤ ነገሩ ተለውጦ ሳለ ባለበት የቀረ።
ጊዜው ያበቃ፤ የተወሰነለት ማብቂያ ቀን ያለፈ።
ከአገልግሎት ማውጣት፤ ለይቶ፣ አስጠንቅቆ፣ ጠብቆ መሰረዝ።
ማስታወቂያ፤ ለሁሉም በአደባባይ የሚነገር።
ማሳወቂያ፤ ለተወሰነ ሰው ከተፈጸመ በኋላ የሚላክ።
ማስጠንቀቂያ፤ ለሚነካው ሰው ከመፈጸሙ በፊት ከቀነ ገደብ ጋር የሚደርስ።

በአዋጅ ረገድ አንድ ነገር ልንጨምር ይገባል። መረብ ለጎረቤቱ መንገድ ሲናገር «ያስታውቃል» ያላልነው፣ «ማስታወቂያ» ከላይ ለተወሰነው ፍቺ እንዲጠበቅ ስለ ፈለግን ነው። አንድ ቃል ሁለት ሸክም ከተሸከመ አንዱን መጣሉ አይቀርምና።

እነዚህ ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ እንጂ የጸኑ አይደሉም። በመረብ ሥራ ላይ የሚገኙ ባለሙያዎች በየቀኑ የሚነጋገሩባቸው የተሻሉ ቃላት ካሉ፣ ቃሉን ከነአገባቡ እንዲልኩልን እንጠይቃለን። ባለሙያው በአፉ የለመደውን ቃል ሳንሰማ የእኛን ብናጸና፣ ሳያስጠነቅቅ ከሚሰርዝ መዝጋቢ አንለይምና።